የቀለሁ ሆድ

ሎርና ሃውገን በስልሳ አንድ ዓመቷ መለስ ብላ ስታስበው፣ በሕይወቷ የዋሸችው ቁጥር አንድ ብቻ ነበር። ዕድሜዋን ለጠየቃት ሰው ሳትቀንስ ትናገራለች። ለቤተ ክርስቲያን ግብዣ ሦስት ፓይ ጋግራ እንደሆነ ሦስት ትላለች እንጂ አራት አትልም። ያቺ አንዲት ቁጥር ግን የልጇን ቀኝ ዓይን ይዛ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው ባሏ ኦርቪንና ልጇ ዌስ ስለ አንድ የጥይት ቀለህ ሲከራከሩ ነው። በቢተርሩት ሸለቆ የበረዶው ወራት ረጅም ነው፤ ወንዱን ወይ መጠጥ ቤት ይከተዋል፣ ወይ ከቤቱ ጀርባ ወዳለ ወርክሾፕ ይገፋዋል። ኦርቪን ወርክሾፑን የመረጠ ሰው ነበር። እዚያ ውስጥ አንድ ቶርኖ፣ ሁለት የእጅ መጭመቂያና አንድ የብረት ምድጃ አለው፤ የሸለቆውን ግማሽ ጠመንጃ የሚጠግነው እሱ ነው። በሸለቆው ወንዶች ዘንድ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለ። በሱቅ የሚሸጠው ጥይት አይበቃቸውም። የፋብሪካ ቀለህ ይወስዱና አንገቱን ያጠባሉ፣ ትከሻውን ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ጎኑን ያቀናሉ፤ የትም ሱቅ የማይገኝ ጥይት ይወጣል። ከዚያ ስም ይወጣለታል፤ ስሙም የሠሪው ስም ነው። ጎረቤታቸው መርል ላጤ ሆኖ ነው ያረጀው፤ ግን በስሙ የሚጠራ ጥይት ስላለው «ዘሬ አልጠፋም» እያለ ይኩራራል።

ዌስ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ጋር ጠመንጃ መሥራት ከጀመረ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰዉም ከአባቱ እጅ ቀጥሎ የሚያምነው የእሱን እጅ ነው። በስሙ የሚጠራ ጥይት ግን አልነበረውም። በዚያ ዓመት አባትና ልጅ አንድ አዲስ ጥይት አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ያልተስማሙት በቀለሁ ሆድ ነው። ስንት ይያዝ?

«ሰፋ ይበል» ይላል ዌስ እራት ላይ። «ትከሻውን ወደፊት እንግፋው። ሆዱ ሲሰፋ ባሩዱ ይጨምራል፤ ባሩዱ ሲጨምር አረሩ ይፈጥናል። ከሸንተረሩ ማዶ ያለውን አጋዘን እዚህ ሆነን እንጥለዋለን።»

«ከሸንተረሩ ማዶ ያለን አጋዘን የሚጥለው ባሩድ አይደለም፤ ተነስቶ የሚሄድ እግር ነው» ይላል ኦርቪን ከሳህኑ ቀና ሳይል። «አፈሙዙ እንደሆነ ያው ጠባብ ነው። የአንድ ቦቴ ውሃ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ላውጣ ብትል ጎማው ነው የሚቀደደው። የጠመንጃውን ጉሮሮ ባንድ ዓመት ትበላዋለህ።»

«ያንተ ቀለህ እኮ የሽሮፕ ማንኪያ ነው፣ አባዬ።»

«ያንተ ደግሞ የወተት ባልዲ።»

«መርል እንኳ ካንተ የሰፋ አለው።»

«መርል ሚስት የለውም። በየዓመቱ አፈሙዝ ቢለውጥ ማን ይቆጣዋል?»

ሎርና በመጀመሪያው ሰሞን ትስቅ ነበር። ወንዶቿ በቀለህ እየተፎካከሩ ድንች ሲያቀባብሉ ማየት ደስ ይላት ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ላለው ነው።

በጋው እየገፋ ሲሄድ ሳቁ ቀረ። ዌስ የራሱን ንድፍ በወረቀት ሥሎ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ኦርቪን በላዩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት። ዌስ የቀን መቁጠሪያውን አነሳ። ኦርቪን መልሶ ሰቀለው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዌስ ሹካውን አስቀመጠና «ዋዮሚንግ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሰው እየፈለጉ ነው» አለ። «እዚህ ዕድሜ ልኬን ያንተን ነገር የምሠራልህ ከሆነ፣ እዚያ ሄጄ የሰው ነገር ብሠራ ይሻለኛል።»

ኦርቪን ዳቦውን ቆረሰ። ሎርና ግን የያዘችው የሾርባ ጭልፋ እጇ ላይ ከበዳት። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት ኢንጋ ልጇን ወደዚያው ጉድጓድ ልካ፣ ሦስት ጣት ጎድሎት ነው የተመለሰላት። የኢንጋ ጎረቤት ደግሞ የራሷን ልጅ በሣጥን ነው የተቀበለችው። ሎርና ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ጀመር፤ ልጇ እኮ ገና እቤት፣ እላይኛው ፎቅ ተኝቶ ነበር።

ክርክሩን የባሰ ያካረረው ናሱ ነው። ዌስ ቀለሁን ሊሠራ የመረጠው ከሠራዊት የወጣ አሮጌ ናስ ነበር፤ አንድ ሙሉ ቆርቆሮ ከመርል አግኝቷል። አባቱ በቶርኖ ባወጣለት ፎርማ ውስጥ እያስገባ በዘይት ግፊት ነፋቸውና ሃያ ቀለህ አወጣ። ሲታዩ ያማሩ፣ ትከሻቸው የቆመ፣ ጎናቸው የተቃና ነበሩ።

ኦርቪን አንዱን በጣቶቹ መሃል አዟዟረው። «የሠራዊት ናስ ግድግዳው ወፍራም ነው። በውጭ ሰፍቷል፤ በውስጡስ?»

«ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው።»

«ፀጉር ዙሪያውን ሲዞር ስንት ፀጉር ይሆናል?»

«አላውቅም አባዬ። አንተ ንገረኝ፤ ሁሉን የምታውቀው አንተ ነህ።»

 ከዚያ ኦርቪን ቀለሁን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። «እሺ። ውሃው ይፍረድ። የኔ ስልሳ ሁለት ግሬን ውሃ ይይዛል። ያንተ ስድስት ካስበለጠ የጠመንጃውን ጥይት ቤት፣ ጥይቱ የሚተኛበትን፣ ባንተ ንድፍ እቆርጣለሁ፤ ስምህንም አፈሙዙ ላይ በገዛ እጄ እቀርጻለሁ። ካላስበለጠ በኔ ንድፍ እንሠራለን፤ ሁለተኛ ክርክር የለም።»

«ማን ይመዝናል?»

ሁለቱም ወደ ሎርና ዞሩ።

ሁልጊዜም የምትመዝነው እሷ ነበረች። ግሬን ማለት ከአንዲት የስንዴ ፍሬ ክብደት የማትርቅ መስፈሪያ ናት፤ ሚዛኑም በሰው ትንፋሽ ይወዛወዛል። የኦርቪን እጅ ብረት ላይ እንጂ ውሃ ላይ ትዕግሥት የለውም። ሎርና መስኮቱን ትዘጋለች፤ ወንዶቹን ወደ በረንዳው ታስወጣለች። መጀመሪያ ባዶውን ቀለህ ትመዝናለች። ቀጥሎ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና የገባበትን ውሃ በዓይን መድኃኒት ማንጠብጠቢያ እየጨመረች እስከ አፉ ትሞላዋለች። ሳሙናው የውሃውን ጀርባ ያስተኛዋል፤ ያለ ሳሙና ከአፉ በላይ ጉብ ብሎ ይቆምና የሌለ ውሃ ያስቆጥራል። ውጪውን በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ መልሳ ትመዝናለች፤ ባዶውን ትቀንሳለች። ደንቡ ሦስት ቀለህ ነው፤ ሦስቱም በደብተሩ ይጻፋሉ፤ የሚፈርደው አማካያቸው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ደብተር የጻፈችውን ማንም መልሶ መዝኖት አያውቅም።

በዚያ ቀን ሁለቱ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆሙ። በመስኮቱ በኩል የዌስ ማጅራት ይታያታል፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ፀጉሩን ስትቆርጠው አንገቱን እንደሚሰብር አሁንም ሰብሮታል።

የመጀመሪያው ቀለህ ስልሳ አምስት ነጥብ ስምንት ያዘ።

ተሳስቼ ነው ብላ ደገመችው፤ ያው ነው። ሁለተኛው ስልሳ ስድስት፣ ሦስተኛው ስልሳ አምስት ነጥብ ዘጠኝ። ልጇ የሚፈልገው ስልሳ ስምንት ነበር። ኦርቪን ልክ ነበር፤ ናሱ ወፍራም ነው፤ የውጪው ስፋት የውስጡ ስፋት አይደለም።

እርሳሱን ይዛ ብዙ ቆየች። የምታስበው ስለ ባሩድ አልነበረም፤ በጠበበ ሆድ ውስጥ ስለሚበረታ ግፊት አልነበረም። የምታስበው ስለ ኢንጋ ልጅ ጣቶች ነበር። ሁለት ግሬን ምን አላት፣ አለች በልቧ። የሁለት ስንዴ ፍሬ ውሃ ናት፤ እንባ እንኳ አትሞላም። እሱን እዚህ ካስቀረችልኝ።

ስልሳ ስምንት ነጥብ ሁለት ብላ ጻፈች። ከሥሩ ስልሳ ስምንት ነጥብ አራት፣ ከሥሩ ስልሳ ስምንት ነጥብ ሦስት። ሦስቱንም አንድ ዓይነት ብታደርግ እንደሚያስነቃባት አውቃ፣ ውሸቷን እንኳ በጥንቃቄ ነው የሠራችው። ቆይቶ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍራት ይህ ጥንቃቄዋ ሆነ።

«ግቡ» አለች።

ዌስ ደብተሩን አየ። እናቱን ከመሬት አንሥቶ አዞራትና አስቀመጣት። ኦርቪን መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አነበበ፤ ግንባሩ ትንሽ ተቋጠረ። ከዚያ ለልጁ እጁን ዘረጋለት። «ውሃው ፈርዷል» አለ። በማግስቱ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው ያነሳው ራሱ ነበር።

ቃሉን ጠበቀ። ጥይት ቤቱን በዌስ ንድፍ ቆረጠለት። በዕድሜው ከቆረጠው ሁሉ ያማረ ነው አለ መርል፤ መርል ደግሞ ሰው የሚያመሰግን ሰው አይደለም። አፈሙዙ ላይ «ዌስ ሃውገን» ብሎ ቀረጸ። ለአንድ ወር ቤታቸው እንደ ድሮው ሆነ። ስለ ዋዮሚንግ የሚያነሳ ጠፋ። ሎርና እንቅልፏ ተመለሰላት፤ የጻፈችውንም ቁጥር ልትረሳው ምንም አልቀራትም።

መስከረም ላይ ሊሞክሩት ጠጠር ወደሚወጣበት ጉድጓድ ሄዱ። ሎርና ሳንድዊችና ቡና በቴርሞስ ይዛ ፒክአፑ ውስጥ ተቀመጠች። ባሩዱን ያሰሉት በደብተሩ ነው፤ ቀለሁ ይህን ያህል የሚይዝ ከሆነ ከዚህ ይጀመራል፣ እዚያ ላይ ይቆማል ብለው፤ ጥይቶቹን ባሩዳቸው ካነሰው ወደ በዛው በሣጥን ደርድረዋቸዋል። የመጀመሪያው ተተኮሰ፤ ደህና። ሁለተኛው፤ ደህና። በሦስተኛው የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈት አለ። ኦርቪን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ከፈተውና የወጣውን ቀለህ ወደ ብርሃን አዞረው። ከግርጌው ያለችው፣ መርፌው የሚመታት ቆብ ጠፍጥፋ እንደ ሳንቲም ሆናለች።

«ይብቃ» አለ።

«ለምን ይበቃል? ገና ሁለት እርከን አለን።»

«መዝጊያው ተጣብቋል፤ ቆቧም ተጨፍልቃለች። ብረቱ ይብቃ እያለህ ነው።»

«ደብተሩ ደግሞ ገና ቦታ አለ ይላል። በውሃ ተፈርዷል አላልክም? ወይስ ሲያቅትህ ፍርድ ልታስቀይር ነው?»

ኦርቪን ወደ ፒክአፑ ዞሮ ሎርናን አያት። ለረጅም ጊዜ ነው ያያት። እሷም አየችው። የመኪናውን በር ከፈተች፤ አንድ እግሯን ጠጠሩ ላይ አሳረፈች። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ቁጥሩ ልክ አይደለም ማለት ብቻ ነው፤ ሦስት ቃል።

«እናትህ ናት የመዘነችው» አለ ኦርቪን ቀስ ብሎ፣ ለልጁ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ። ከዚያ ወደ ጎን ለቀቀለት።

«ዌስ» አለች ሎርና። «መጀመሪያ ሳንድዊችህን ብላ።»

ዌስ ሳቀ። «ይቺን ተኩሼ እበላለሁ፣ እማዬ።»

ተኮሰ። ቀለሁ ከግርጌው ተቀደደ። የጋለው አየር በመዝጊያው በኩል ወደ ኋላ፣ ወደ ፊቱ ወጣ።

ዌስ ሚዙላ ሆስፒታል ለዘጠኝ ቀን ተኛ። ግራ ዓይኑ ተረፈ፤ ቀኙ፣ የሚያነጣጥርበት፣ ጠፋ። በአራተኛው ቀን መናገር ሲጀምር መጀመሪያ የጠየቀው «ምንድን ነው የሆነው?» ብሎ ነው። ሎርና አልጋው አጠገብ ቆማ ለመናገር ትንፋሽ ስትስብ ኦርቪን ቀደማት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጥይት ቤቱን አጥብቤ ቆርጬዋለሁ። የቀለሁ አንገት መላወሻ አልነበረውም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዌስ በቀረችው ዓይኑ አባቱን አየው። «ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም።»

«ከመጀመሪያውም እንዲሳካልኝ አልፈለግክም።»

ኦርቪን ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። ሎርና በልቧ ይዳን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አለች። ሲድን፣ እቤት ይግባ፣ ከዚያ አለች። እቤት ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ዕቃውን ጠቅልሎ ዋዮሚንግ ሄደ። ላይሄድ የዋሸችለት ቦታ ሄደ። ጉድጓዱ ላይ አንድ ዓይና ሰው ስለማይቀጥሩ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ገባ። በየእሁዱ ይደውላል። ኦርቪን ስልኩን ካነሳው «እማዬን አቅርብልኝ» ብቻ ይላል። ሎርና ስልኩን ይዛ ስለ በረዶው፣ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ መርል ጉልበት ታወራለታለች፤ ንግግሯ መካከል ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ልትነግረው ትደርሳለች፣ ሁሌም እዚያው ትመለሳለች። ብነግረው ይህም እሁድ ይቀርብኛል ትላለች። ስድስት ዓመት እሁድ በእሁድ አለፈ።

በስድስተኛው ዓመት የኦርቪን እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ስም ሰጠው፤ ኦርቪን ግን ስሙን አልጠራውም፤ ቶርኖውን ልሸጠው ነው ብቻ አለ። ገዢው ከሃሚልተን በመኪና ሊወስደው ቀን ተቆረጠ። ሎርና እሁድ ላይ ልጇን ለመነችው። «ከባድ ነው። አባትህ አይችልም። መርልም አርጅቷል።»

«ላንቺ ስል እመጣለሁ» አላት። «ከዚያ ወርክሾፕ ግን አንድ ሚስማር አልወስድም።»

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ መጣ። ሰውነቱ ደልቧል፤ ጺሙን አሳድጓል። በጨለማው መነጽር ሥር ቀኝ ጉንጩ ላይ ትናንሽ ሰማያዊ ነጥቦች ይታያሉ፤ ያልተቃጠለ ባሩድ ቆዳው ውስጥ ገብቶ የቀረ ነው። ገዢው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ምሳ ቀረበ፤ የአጋዘን ጥብስና ድንች። የኦርቪን ሹካ ከሳህኑ ጋር ይንቀጫቀጫል። ዌስ አየውና ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ።

«ማን ነው የሚገዛው?»

«አንድ ወጣት ልጅ ነው» አለ ኦርቪን። «ጥሩ እጅ አለው ይላሉ። አንተ የምትፈልገው ከሆነ ግን…»

«አልፈልገውም።»

«እሺ።»

«ይልቅ ያኔ ሸጠኸው ቢሆን ኖሮ» አለ ዌስ፣ ሥጋውን እየቆረጠ፣ እንደ ተራ ወሬ። «ያኔ ሸጠኸው ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ መንገድ ስሻገር አንገቴን እንደ ዶሮ አላዞርም ነበር።»

ኦርቪን ሹካውን አስቀመጠ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሌላኛው ይዞ ጭኑ ላይ አደረገው። «እውነትህን ነው» አለ።

ሎርና ያን ጊዜ ተነሳች። ለምን ያን ቀን እንደሆነ፣ ለምን ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት መቶ እሁዶች እንዳልሆነ፣ ቆይታም ልታስረዳ አልቻለችም። ምናልባት ባሏ እጁን በእጁ ሲደብቅ ስላየችው ይሆናል። ወንበር ጎትታ ቆመችበትና ከማቀዝቀዣው በላይ ካለው ቁም ሣጥን ሚዛኑን አወረደች። የዓይን መድኃኒት ማንጠብጠቢያውንና ደብተሩን አወረደች። የቀሩት ቀለሆች ያሉበትን የቡና ቆርቆሮ አወረደች። ሳህኖቹን ገፋ አድርጋ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሎርና» አለ ኦርቪን። «ተይው።»

ዌስ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ። «ምኑን ነው የምትተወው?»

«ተይው አልኩሽ። አልፏል።»

«አላለፈም» አለች። መስኮቱን ዘጋች። ዌስ እንደ ልማዱ ወደ በረንዳው ሊወጣ ወንበሩን ሲገፋ ትከሻውን ያዘችው። «ቁጭ በል። ዛሬ ማንም አይወጣም። ትንፋሻችሁን ብቻ ያዙ።»

ከቆርቆሮው አንድ ቀለህ አወጣች፤ ባዶውን መዘነችና ቁጥሩን ለልጇ አሳየችው። እሱ በፖስታ ጀርባ ጻፈው። ሳሙና ያለበትን ውሃ በጠብታ በጠብታ ጨመረች። እጇ እንደ ድሮው ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህም አሳፈራት። እስከ አፉ ሞላችው፤ ጠረገችው፤ ሚዛኑ ላይ አቆመችው፤ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። መርፌዋ ቆመች። ዌስ ጻፈ፣ ቀነሰ። አንዴ ቀነሰ፤ እንደገና ቀነሰ።

«ስልሳ አምስት ነጥብ ዘጠኝ።»

ሎርና ደብተሩን ገልጣ ወደ እሱ አዞረችለት። የእሷ ጽሑፍ ነው፤ ትንሽ፣ ጥንቁቅ፣ ቀጥ ያለ። ስልሳ ስምንት ነጥብ ሁለት። ስልሳ ስምንት ነጥብ አራት። ስልሳ ስምንት ነጥብ ሦስት።

«ያኔም እንደዛሬው ነበር የያዘው» አለች። «አይቼዋለሁ። ዋዮሚንግ እንዳትሄድብኝ ብዬ ሌላ ጻፍኩ። ጠጠር ጉድጓዱ ጋ ልነግርህ ከመኪናው ወረድኩ፤ ሳንድዊች ብላ አልኩህ። የአባትህ ጥይት ቤት ምንም አልነበረበትም።»

ዌስ መነጽሩን አወለቀ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ መልሶ አነሳው፤ መልሶ አስቀመጠው። ወደ እናቱ አልዞረም። ወደ አባቱ ነው የዞረው።

«ታውቅ ነበር?»

«አደጋው በደረሰ ማግስት፣ ከሆስፒታል ልብስ ልንወስድ ስንመጣ መዝኜዋለሁ» አለ ኦርቪን። «እሷ ዶሮ ልትመግብ ስትወጣ።»

ሎርና ይህን አታውቅም ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ አጠገቡ ተኝታለች።

«ታዲያ ለምን?» አለ ዌስ። ድምፁ የትንሽ ልጅ ነበር። «ለምን ዝም አልክ? ስድስት ዓመት ስሰድብህ…»

ኦርቪን ትከሻውን ነቀነቀ። «ለእሁድ የምትደውልለት አንድ ሰው ያስፈልግህ ነበር» አለ። «እኔ ደግሞ ስልክ ላይ ወሬ አልችልበትም። እሷ ትሻላለች።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረበት። «ደግሞም ይብቃ ካልኩ በኋላ ለቅቄልሃለሁ። ቆቧን በዓይኔ አይቼ ነው የለቀቅኩህ። እሱ ጥፋት የእሷ አይደለም፤ የኔ ነው።»

 የአጋዘኑ ጥብስ ቀዝቅዞ ስቡ ነጭ ሆኗል። ሎርና ልጇ ተነስቶ እንደሚወጣ፣ የመኪናውን ሞተር እንደሚያስነሳ፣ ከእንግዲህ እሁድ የሚባል ቀን እንደማይኖራት ጠበቀች። ስድስት ዓመት የፈራችው ይህን ነበር፤ አሁን ሲመጣ ግን የፈራችውን ያህል አልሆነባትም። ይገባኛል አለች በልቧ። ብቻ አባቱን ሳያናግር አይሂድ።

ዌስ ተነሳ። እስከ በሩ ሄደ፤ እጁን መዝጊያው ላይ አደረገ። እዚያው ጀርባውን ሰጥቷቸው ብዙ ቆመ። ማጅራቱ እንደዚያኔው ተሰብሯል። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ከእናቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ትቶ ከአባቱ አጠገብ ባለው ተቀመጠ። ቆርቆሮውን ስቦ አንድ ቀለህ አወጣና ጠረጴዛው መካከል አቆመው።

«ደንቡ ሦስት ነው» አለ። እናቱን አሁንም አላያትም። «ሁለተኛውን ሙዪው።»

ሎርና ማንጠብጠቢያውን አነሳች። ዌስ ወደ ቀለሁ አጎነበሰ፤ ግራ ዓይኑን ለማቅረብ ፊቱን አዞረ። አንድ ዓይን ጥልቀት አይለይለትም፤ ውሃው አፉ ጋ ደርሶ ይሁን ከአፉ ዝቅ ብሎ አያውቅም። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለ።

«ሞልቷል?» አላት።

በዚያች ደቂቃ ሞልቷል ብትለው ሊያምናት ግድ ነበር። ኦርቪን የሚንቀጠቀጠውን እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ ውሃው እንዳይነቃነቅ።

«አልሞላም» አለች ሎርና። «አንዲት ጠብታ ይቀረዋል።»